ድግስ በ135ኛው ፎቅ

የእነዚህን ፊልሞች ፖስተር ከታች ወደ ላይ ነው ማንበብ። ከላይ የሚነድ ሕንፃ፣ ወይም የተገለበጠ መርከብ፣ ወይም የሚፈራርስ ከተማ አለ። እሱን ማንም ያየዋል። ከግርጌው ግን እንደ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ በየሳጥናቸው የተደረደሩ ፊቶች አሉ። ከየፊቱ ሥር የተዋናዩ ስም፣ ከስሙም ጋር የሚወክለው ሰው ተጽፏል፤ አርክቴክቱ፣ የእሳት አደጋ አለቃው፣ ሕንፃ አስገንቢው፣ ሴናተሩ፣ አጭበርባሪው። ተመልካች ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ያንን ሰልፍ ቆሞ ያያል፤ በሆዱም «ከነዚህ ውስጥ ማን ይተርፍ ይሆን?» ይላል። ገንዘቡን የሚከፍለው ይህን ለማወቅ ነው።

የማወራው ሆሊውድ በሰባዎቹ ዓመታት ስላመረታቸው፣ በዝነኛ ተዋንያን ስለታጨቁት የመዓት ፊልሞች ነው። ሰባዎቹ ስል በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስድሳዎቹ መሆናቸው ነው። መንገዱን የጠረገው በ1970 የወጣው «ኤርፖርት» ነበር። ከአርተር ሄይሊ ልብ ወለድ ተወስዶ በርት ላንካስተርንና ዲን ማርቲንን በአንድ በረዷማ ሌሊት ያገናኘ ፊልም ነው። የሚገርመው በዚያ ሁሉ ሽብር ውስጥ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራ አጥቶ፣ እሱ ሲሞት ለሚስቱ የመድን ገንዘብ እንዲደርሳት ብሎ ቦምብ በሻንጣ ይዞ የተሳፈረው ምስኪን። ፊልሙ ግን ገንዘብ በገንዘብ ሆነ፤ ለአሥር ኦስካርም ታጨ። ከዚያ በኋላ ኧርዊን አለን የሚባል ፕሮዲዩሰር ተነሣና በ1972 አንድ ግዙፍ የመንገደኞች መርከብ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ገለበጠ፤ «ዘ ፖሴይደን አድቬንቸር»። በ1974ማ ነገሩ ወረርሽኝ ሆነ። በኦክቶበር «ኤርፖርት 1975»፣ በኖቬምበር «ኧርዝኩዌክ»፣ በዲሴምበር «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ወጡ። በሦስት ተከታታይ ወራት አሜሪካ ከሰማይ ልትወድቅ ደረሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተቃጠለች።

ሁሉም ጥሩ ፊልሞች ናቸው ማለቴ አይደለም። «ኧርዝኩዌክ» ውስጥ ሎርን ግሪን የኤቫ ጋርድነር አባት ሆኖ ይሠራል። በዕድሜ የሚበልጣት በሰባት ዓመት ነው። አባትየው አንደኛ ክፍል ሳይገባ ነው የወለዳት ማለት ነው! የፊልሙ ሰዎች ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሐሳባቸው «ሴንሰራውንድ» ባሉት፣ ወንበር በሚያርገፈግፍ የድምፅ መሣሪያ ላይ ነበር። ሆሊውድ ባለው ስመ ጥር የቻይኒዝ ሲኒማ ቤት፣ ድምፁ ከጣራው ላይ ልስን ቢያረግፍ ተመልካቹን እንዳይጎዳ ተብሎ መረብ እስከመወጠር ተደርሷል። ሰው እንግዲህ የመሬት መንቀጥቀጥ ለማየት ከፍሎ ገብቶ፣ ከመሬት መንቀጥቀጡ የሚጠብቀው መረብ ሥር ይቀመጣል። ስለ ሰው ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን መናገር ይቻላል?

ሊቃውንቱ ለምን በዚያ ዘመን ተወደዱ ሲባሉ መልሳቸው ዝግጁ ነው። የቬትናም ጦርነት፣ የዋተርጌት ቅሌት፣ በ1973 የመጣው የነዳጅ ቀውስ፣ በኦገስት 1974 የኒክሰን ሥልጣን መልቀቅ። አሜሪካዊው በሹሞቹ ላይ እምነት አጣ፤ ስለዚህ የሹሞች ሕንፃ ሲነድ ማየት ደስ አለው ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን አያጠግበኝም። እኔ እነዚህን ፊልሞች ያየኋቸው ከተሠሩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቪዲዮ ቤት በተከራየ፣ ምስሉ በሚንቀጠቀጥ ካሴት ነው። ኒክሰን ወረደ አልወረደ ለእኔና አብረውኝ ለሚያዩት ምናችን ነበር? ግን ማናችንም ከቦታችን አልተነሣንም።

ጥያቄው ከሆሊውድ ይቀድማል። ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሪሸስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን አንሥቶታል። ሰው ከባሕር ዳር ቆሞ፣ ማዕበል ከሚያንገላታው ሰው ትግል ደስታ የሚያገኘው ለምንድን ነው? መልሱም፣ የሌላው ሥቃይ ራሱ ጣፍጦት ሳይሆን ራሱ ከምን እንደዳነ ማየቱ ነው የሚል ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ ደግሞ በኑዛዜው ስለ ቲያትር ሲያነሣ ይበልጥ ይጠነክራል። ሰው በራሱ ላይ ሊደርስ የማይፈልገውን ሐዘን በመድረክ ላይ ለማየት ከፍሎ ይገባል፤ ያለቅሳል፤ በማልቀሱም ይደሰታል። ችግሩ የት ላይ ነው ቢሉ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አልተጠራም። አጅ የማይነካው ርኅራኄ ነው። የፖፕኮርን ርኅራኄ ልንለው እንችላለን።

ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል፤ ሆኖም ስለ ማንኛውም አሳዛኝ ትርኢት የሚሠራ መልስ ነው የሰጡት። የሰባዎቹን የመዓት ፊልሞች ልዩ የሚያደርጋቸው ፖስተሩ ግርጌ ያለው ሰልፍ ነው።

ነፍሷን ይማርና እንግሊዝኛ የማትሰማ፣ ፊልም ግን ከማንም አስበልጣ የምታይ አክስት ነበረችኝ። «ታወሪንግ ኢንፈርኖ»ን አብረን ስናይ ገና እሳቱ ሳይነሣ ፍርዷን ጨርሳ ነበር።

«ይሄኛው አይሞትም» አለች፣ ፖል ኒውማን ሲመጣ።

«በምን አወቅሽ እትዬ?»

«እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ እንዴት ይሞታል?»

ትንሽ ቆይቶ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ከጸሐፊዋ ጋር ቢሮ ዘግተው ሲደበቁ እትዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እነዚህስ አለቀላቸው» አለች። አለቀላቸውም። ስልኩን አጥፍተው ስለነበር እዚያ መኖራቸውን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አንድም ቃል ሳትሰማ የፊልሙን ሕግ አውቃዋለች። ሕጉ ሞት በዘፈቀደ አይመጣም የሚል ነው። ፈሪው ይሞታል፤ ስግብግቡ ይሞታል፤ የሰው ትዳር የነካ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። «ኧርዝኩዌክ» ላይ ቻርልተን ሄስተን በሚስቱና በወዳጁ መካከል ሲዋልል ከርሞ መጨረሻ ላይ ሚስቱን ለማዳን ሲመለስ ጎርፉ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ወዳጁ ግን ወጥታለች። ደራሲው ሌላ መፍቻ የጠፋበት ይመስላል።

ለቅሶ ቤት የምናደርገውን አስቡት። ገብተን፣ አጎንብሰን፣ ከተቀመጥን በኋላ ጎናችን ያለውን ሰው በሹክሹክታ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ምን ሆኖ ነው?» መልሱን የምንጠብቀው ለሟቹ ብለን ብቻ አይደለም። «ስኳር ነበረበት» ሲሉን፣ «ይጠጣ ነበር» ሲሉን፣ «በሌሊት ነበር የሚነዳው» ሲሉን፣ ከውስጣችን አንድ ነገር ቀለል ይላል። እኔ ስኳር የለብኝም። እኔ በሌሊት አልነዳም። «ምንም አልሆነም፤ ደህና አድሮ ጠዋት ሞተ» ያሉን ቀን ነው ፊታችን የሚለወጠው። የሰባዎቹ የመዓት ፊልም «ምን ሆኖ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በየሟቹ መልስ የሚሰጥ የሁለት ሰዓት ተኩል ለቅሶ ቤት ነው። ደስታው ከመፍረሱና ከመቃጠሉ የሚመጣ አይመስለኝም። ደስታው የሒሳቡ ነው። ማዕበሉ ሲመጣ እንኳ መዝገብ ይዞ ይመጣል።

ዝነኞቹ ተዋንያንም የሚያስፈልጉት ለዚህ መዝገብ ነው። የማናውቀው ሰው ሲሞት ለምን እንደሞተ ለማስረዳት መጀመሪያ ማንነቱን መንገር ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይፈጃል። ፍሬድ አስቴር ከታክሲ ሲወርድ ግን ማንም ምንም መንገር አያስፈልገውም። በሠላሳዎቹ ዓመታት ሲደንስ ያየነው ሰው 75 ዓመት ሆኖት፣ አርጅቶ፣ አጭበርባሪ ሽማግሌ ሆኖ መጥቷል። የሌሎች ፊልሞቹን ዕድሜ ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ልንሣሣለት ዝግጁ ነን። ኮከብ ተዋናይ ማለት በተመልካች ዘንድ ያስቀመጠው ፍቅር ያለው ሰው ነው፤ የመዓት ፊልም ደግሞ ያንን ተቀማጭ አውጥቶ ይመነዝራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ትንሽ የሚጎረብጠኝ። ተቀማጭ የሌለውስ?

«ፖሴይደን» ውስጥ መርከቡ ሲገለበጥ ወለሉ ጣራ፣ ጣራው ወለል ይሆናል። በጂን ሃክማን የሚወከለው ቄስ ስኮት ለመዳን ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ መርከቡ ሆድ መውጣት አለብን ይላል። ሰውየው ቀደም ሲል እግዚአብሔር የሚወደው የሚታገለውን፣ የሚያሸንፈውን ነው ብሎ የሰበከ ሰው ነው። የመርከቡ ሒሳብ ሹም ደግሞ እዚሁ ሆናችሁ እርዳታ ጠብቁ ይላል። ጥቂቶች የገናውን ዛፍ እንደ መሰላል ተጠቅመው ከቄሱ ጋር ይወጣሉ። ብዙኃኑ ይቀራሉ። ወዲያው ፍንዳታ ይሰማል፣ ውኃው አዳራሹን ሰብሮ ይገባል፤ የቀሩት ወደ ዛፉ ሲሻሙ ዛፉ ይወድቃል። ከዚያ ካሜራው ከአሥሩ ሰዎች ጋር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ አዳራሹ አይመለስም።

እትዬ ግን ተመለሰች። ፊልሙ ብዙ ከሄደ በኋላ «እነዚያስ?» አለችኝ።

«የትኞቹ?»

«እዚያ የቀሩት።»

«አልሰሙትም እኮ። ውጡ ብሏቸው ነበር።»

«ባይሰሙትስ?»

ይህን «ባይሰሙትስ» የሚመልስ ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም። የቀሩት ሰዎች ኃጢአታቸው ምን ነበር? ዩኒፎርም የለበሰውን፣ መርከቡን ያውቃል የተባለውን ሰው ማመን ነው። በሌላ ቀንና በሌላ መርከብ ላይ ልክ ይሆኑ ነበር። ፊልሙ ግን መጥፎ ዕድላቸውን ወደ ጥፋት ለወጠው፤ እኛ ቅር ሳይለን ወደ ላይ እንድንወጣ። ፊት የላቸውም፤ ፖስተሩ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ሒሳባቸው በጅምላ ተሠራ። ከአሥሩ መካከል የመርከቡ አስተናጋጅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአሥሩ መጀመሪያ የሚሞተውም እሱ ነው።

ስለ ዝና ካነሣን አይቀር «ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ሊሠራ ሲል የተነሣውን ክርክር ላንሣ። ስቲቭ ማክዊንና ፖል ኒውማን በዘመኑ ከማንም የማያንሱ ሁለት ኮከቦች ነበሩ፤ የማን ስም ይቅደም? ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ የማክዊን ስም በግራ በኩል ይጻፋል፤ የኒውማን በቀኝ ሆኖ ትንሽ ከፍ ይላል። ከግራ የሚያነብ ማክዊንን ይቀድማል፣ ከላይ የሚያነብ ኒውማንን። ማክዊን የሁለቱ የንግግር መስመሮች ቁጥር እኩል እንዲሆን መጠየቁም ይወራል። እሳት ሰው አይመርጥም የሚል ፊልም ሠሪዎች፣ በሁለት ጣት ከፍታ ይህን ያህል ተጨቃጨቁ። እኔ ግን አልሥቅባቸውም። እነሱ በግልጽ የተከራከሩበትን እኛ በልባችን እንሠራዋለን። አውሮፕላን ወደቀ ሲባል «ማን ማን ነበረበት?» እንላለን።

በዚያው በ1974 አዲስ አበባ ላይ የታየ ሌላ ፊልም አለ። የሆሊውድ አልነበረም። መስከረም 1 ቀን 1967 በእኛ፣ የአዲሱ ዓመት ምሽት ላይ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ታየ። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1973፣ እንግሊዞች ያዩትና ረሃቡን ለዓለም የገለጠው ፊልም ነው። ደርግ ሲያሳየው ግን እንዳለ አላሳየውም፤ በየመካከሉ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ ቀጥሎበት ነበር። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት፣ ከዚያ ኬክ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

«ታወሪንግ ኢንፈርኖ» የወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አላየውም። ግን አቀማመጣቸውን ተመልከቱ። በሆሊውዱ ፊልም ባለ 138 ፎቁ የመስታወት ሕንፃ በሳንፍራንሲስኮ ይመረቃል፤ ድግሱ 135ኛው ፎቅ ላይ ነው። እሳቱ የተነሣው 81ኛው ላይ ነው። ሕንፃ አስገንቢው ወሬው ሲደርሰው እዚያ ታች ያለ እሳት እዚህ ላይ ምን ያደርገናል ብሎ እንግዶቹን አልበትንም ይላል። ከላይ ድግስ፣ ከታች እሳት። ከላይ ድግስ፣ ከታች ረሃብ። የእኛው ግን ሁለት ነገር ገልብጧል። መዓቱ የሚደርስባቸው ፊት የሌላቸው ተብለው ይታለፉ የነበሩት ሰዎች ናቸው፣ ካሜራውም እነሱ ላይ ይቆያል። ፖስተር ላይ የሚወጣው ታዋቂው ፊት ደግሞ ተከሳሽ ሆኗል።

ያንን ምሽት ያዩ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ከባሕር ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አነጋገር የላቸውም። አውግስጢኖስ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አልተጠራም ያለው ተመልካች እዚያ ምሽት ተጠርቷል። ምን እንዲያደርግ ነው የተጠራው የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቅንብሩ ውሸት ነው አልልም፤ ረሃቡም እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው፣ መደበቁም እውነት ነው። ግን መዝገቡ እጅግ አጠረ። የአንድ አገር የመሬት ሥሪት፣ ድርቅ፣ ወረፋ የያዘ ቸልተኝነት፣ ሁሉም በአንድ ሰው ፊት ላይ ተጠቃለለ። ጥፋተኛው ሲገኝ ደስ የሚለን ያ ስሜት ሲኒማ ቤት ውስጥ ጉዳት የለውም። ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ግን፣ ከዚያ ምሽት ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ስድሳ ያህል ሹማምንት ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ።

ስለዚህ ጥፋተኛውን ፈልጎ የሚቀጣ ፊልም ሲያጋጥመኝ ትንሽ እጠራጠራለሁ። «ታወሪንግ ኢንፈርኖ»ን ከቀሩት የማስበልጠውም በዚህ ነው። እሱም ጥፋተኛ አለው፤ በሪቻርድ ቻምበርሌን የሚወከለው የአስገንቢው አማች። የኤሌክትሪኩን ሥራ ይዞ በመመሪያው የታዘዘውን ትቶ በርካሹ ሠራ፤ ገመዱ ጋለ፤ ሕንፃው ነደደ። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ወንዶቹ ዕጣ አውጥተው በተራ በገመድ ሲሻገሩ እሱ ተራውን ሳይጠብቅ ሰው እየገፋ ይገባል፤ ወርዶ ይከሰከሳል። እትዬ «ይበለው!» አለች። እኔም ሳልል አልቀረሁም። ግን ፊልሙ እዚያ ላይ አይቆምም። ወጪ ቀንስ ብሎ ሲያስጨንቀው የነበረው አማቱ፣ ያ ደግ መሳዩ አስገንቢ፣ መሆኑን ቀደም ብሎ ነግሮናል፤ እሱ በሕይወት ወርዷል። ሕንፃውን ይህን ያህል ከፍ አድርጎ የሳለው አርክቴክትም፣ ባለ ሰማያዊ ዓይኑ፣ ወርዷል። መጨረሻ ላይ ማክዊን፣ የእሳት አደጋ አለቃው፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ደክሞት፣ ለአርክቴክቱ የሚናገረው የድል ንግግር አይደለም። ዛሬ ዕድለኞች ነን፤ አንድ ቀን በእንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ ሺዎች ያልቃሉ፤ እኛም ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቀን እስኪመጣ ጭስ እየበላን ሬሳ እናወጣለን የሚል ሐሳብ ነው። ያኔ መዝገቡ ይከፈታል። ጥፋተኛው ሞቷል፣ ጥፋቱ ግን አልሞተም።

ይህ የፊልም ወሬ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 1 ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ጆኤልማ የሚባለው ሕንፃ ከአየር ማቀዝቀዣ በተነሣ የኤሌክትሪክ እሳት ነድዶ ከ170 በላይ ሰው ሞቶ ነበር። ጁን 14 ቀን 2017 ደግሞ ለንደን ውስጥ ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ነደደ። 72 ሰው ሞተ። ከነዋሪዎቹም፣ ከሟቾቹም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ስለነበሩ ይህ እሳት ለእኛ የሩቅ አገር ዜና ሆኖ አላለፈም፤ እዚያም እዚህም ለቅሶ ተቀምጠንበታል። እሳቱ የተነሣው ከአራተኛ ፎቅ ወጥ ቤት፣ ከማቀዝቀዣ ነው። ያንን ያህል ሰው የፈጀው ግን ሕንፃው በታደሰ ጊዜ የለበሰው ልባስ ነበር፤ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ መካከል እንደ ሻማ የሚነድ ፕላስቲክ። ቀድሞ የታሰበው የዚንክ ልባስ በዚህ የተተካው ወደ 300 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ወጪ ለመቆጠብ እንደነበር ተዘግቧል።

ለነዋሪው የተሰጠው መመሪያ ደግሞ «ባላችሁበት ቆዩ» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ የተደወለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መመሪያው የተነሣው ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። «ፖሴይደን» ላይ የመርከቡን ሒሳብ ሹም አምነው አዳራሹ ውስጥ የቀሩትን ሰዎች ያስታወስኩት ያኔ ነው። ግሬንፌል ውስጥ የቀሩት ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ስንፍናም አልያዛቸውም። ስልክ ደውለው ምን እናድርግ ብለው ጠይቀው፣ የተነገራቸውን አደረጉ። እዚያ ላይ ማንም «አልሰሙትም እኮ» ሊል አይችልም። ሰምተዋል። አንዳንዶቹም እሳቱን ሸሽተው ወደ ላይ ወጡ፣ እዚያው ቀሩ። በፊልሙ ሕግ መዳን የነበረበት ወደ ላይ የወጣው ነው።

የዚህ እሳት መዝገብ የተዘጋው በ165 ደቂቃ አይደለም። መርማሪው ጉባኤ የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ ሰባት ጥራዝ። የሁሉም ሰው ሞት ሊቀር ይችል እንደነበረ ይናገራል። አንድ አማች የለውም። አምራቾች አሉበት፣ አዳሾች አሉበት፣ አከራይ አለበት፣ ዓይኑን የጨፈነ መንግሥት አለበት፤ እያንዳንዱ ወደሌላው ይጠቁማል። ከፍሎ ገብቶ የሚያየው ሰው አይገኝም። ግን ማክዊን ጠይቁን ያለው ነገር እዚያ ውስጥ ነው የተጻፈው።

ስለ ማክዊን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ጋር ባይሄድም ማለፍ አልቻልኩም። በኖቬምበር 1980፣ በ50 ዓመቱ ሞተ። ሜሶቴሊዮማ የሚባል፣ ከአስቤስቶስ ጋር የሚያያዝ ካንሰር ይዞት ለእሱ ቀዶ ሕክምና ባደረገ ማግስት ነው። አስቤስቶስ እንግዲህ እሳት አይበላውም ተብሎ በየሕንፃው፣ በየመርከቡ፣ በእሽቅድምድም መኪና ነጂዎች ልብስ ሳይቀር ሲገባ የኖረ ማዕድን ነው። የሲኒማውን እሳት ያጠፋው ሰው ከእሳት መከላከያ ሞተ። ለቅሶው ላይ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ለጠየቀ ምን ይባላል?

በ1980 «ኤርፕሌን!» የሚባል አስቂኝ ፊልም ወጣና በመዓት ፊልሞች ላይ ሁሉ ተሣለቀ። የ«ፖሴይደን» ካፒቴን የነበረው ሌስሊ ኒልሰን እዚህ ዶክተር ሆኖ፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ ሲቀልድ ታየ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዓይነት ፊልም ቆፍጠን ብሎ መሥራት አስቸጋሪ ሆነ። ቀደም ብሎም ኧርዊን አለን በ1978 ማይክል ኬይንንና ሄንሪ ፎንዳን ሰብስቦ ንብ ለቆባቸው ነበር፤ ተመልካች ግን ለንብ አልመጣም። በኋላ የመጡት የኮምፒውተር መዓቶች ከተማን በአንድ ጊዜ ያጠፋሉ፤ ሚሊዮን ሰው ይሞታል፣ ማንም አይሞትም። የሰባዎቹ ፊልሞች ቢያንስ ጥቂት ሰዎችን አንድ በአንድ ይቀብሩ ነበር።

ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጡት መዝገባቸው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ናቸው። ሼሊ ዊንተርስ የምትወክላት ወፍራሟ፣ ለሁሉም ሸክም የመሰለችው ሴትዮ በውኃ ውስጥ ዋኝታ ቄሱን ታድነዋለች፤ ከዚያ ልቧ ይቆማል። ምን አጠፋች? አሸናፊውን ብቻ የሚወድ አምላክ ሲሰብክ የነበረው ቄስ መጨረሻ ላይ፣ ሌላም ሴት ስትሞት፣ ወደ ሰማይ ይጮሃል፤ ስንት ነፍስ ነው የምትፈልገው እያለ። ስብከቱ አልሠራለትም። የሚያቃጥለውን እንፋሎት መዝጊያ ላይ ተንጠልጥሎ ይዘጋዋል፤ እጁን ይለቃል።

«ታወሪንግ ኢንፈርኖ»ም እንዲህ ያለ ቦታ አለው። ጄኒፈር ጆንስ የሕንፃው ነዋሪ ናት፤ የጎረቤት ልጆችን ከእሳት ስታወጣ የዋለች፣ አጭበርባሪነቱን እያወቀች ፍሬድ አስቴርን የወደደች ሴት። ሊፍቱ ውስጥ ያለውን ልጅ አስቀድማ ካቀበለች በኋላ እሷ ትወድቃለች። እትዬ ስለሷ ምንም አልተነበየችም ነበር፤ አትሞትም ብላ እርግጠኛ ስለነበረች ይመስለኛል። ቴሌቪዥኑን ዝም ብላ አየችው።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው አስቴር ከሚጨሰው ሕንፃ ሥር፣ በብርድ ልብስ በተጠቀለሉት ሰዎች መካከል ስሟን እየጠራ ይፈልጋታል። የሕንፃው የጥበቃ ኃላፊ ይመጣና የእሷን ድመት ያስታቅፈዋል።

«መርዶ ነው» አለች እትዬ።